የማኒራም ሃያ ሁለት ቀናት

በአርባ ስድስት ዓመቴ ተማሪ የሆንኩት ወድጄ አይደለም። የፖሊስ ጣቢያችን አዛዥ ቢሮው ጠራኝና፣ «ሎክማን፣ ምክትል ኢንስፔክተር እንደሆንክ ጡረታ መውጣት ካልፈለግህ አንድ ወረቀት ያስፈልግሃል። ስምህን ልኬዋለሁ፤ እሑድ ትጀምራለህ» አለኝ። ወረቀት ያለው በከተማችን ኮሌጅ በፖሊስና በማረሚያ ቤት አስተዳደር የሚሰጠውን የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ነው። ትምህርቱ ከሥራ በፊት ነው፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል። እናም እኔ፣ ሎክማን ፑን፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌባ ሳባርር የኖርኩ ሰውዬ፣ በየማለዳው ደብተር በብብቴ ሸጉጬ ሞተር ሳይክሌን አስነሳ ጀመር። ልጄ በረንዳው ላይ ጥርሷን እየቦረሸች፣ «አባዬ፣ የቤት ሥራህን ሠራህ?» ትለኛለች። ያልሠራሁበት ቀን ይበዛል።

ክፍል ውስጥ አሥራ ስምንት ነበርን፤ ዘጠኝ ፖሊሶች፣ ዘጠኝ የእስር ቤት ሰዎች። ማንም ሳያዘን እኛ በመስኮቱ በኩል፣ እነሱ በግድግዳው በኩል ተቀመጥን። በመሀላችን ያለው መተላለፊያ የኔፓልንና የህንድን ድንበር ይመስል ነበር።

«እናንተ ሰው ታመጣላችሁ እንጂ ወረቀት አታመጡም» ይሉናል።

«እናንተ ደግሞ ወረቀቱን ተቀብላችሁ ለአይጥ ትሰጣላችሁ» እንላቸዋለን።

መምህራችን ዶክተር ሂራካጂ ሻክያ ይህን ሁሉ እየሰሙ ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ። ሠላሳ ዓመት እስር ቤት ያስተዳደሩ፣ ቀጭን፣ በብስክሌት የሚመጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ግን ስማችንን ከዝርዝር እየጠሩ አንድ ፖሊስ ከአንድ የእስር ቤት ሰው ጋር አጣመሩንና፣ «ከአንዳችሁ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላችሁ የሚሄድ አንድ መረጃ ምረጡ። ሲጻፍ እዩት፣ ሲደርስ እዩት፣ በመንገድ ምን እንደሚሆን ጻፉልኝ። አንድ ወር አላችሁ» አሉ።

ለእኔ የደረሰችኝ ፉልማቲ ቻውዳሪ ነበረች። በወረዳው እስር ቤት የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ናት፤ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት፣ ከከተማው ዳር ካለ፣ ታሩ የሚባለው የሜዳው ሕዝብ ከሚኖርበት መንደር። መተላለፊያውን ተሻግራ አጠገቤ ቁጭ አለችና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ደረደረች።

«ዳይ፣ የእናንተን የዕለት ሁኔታ መዝገብ ማየት እችላለሁ?»

ዳይ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ባዕድም ይሁን ዘመድ፣ በዕድሜ የሚበልጥህን እንደዚያ ነው የምትለው። እኔም ባሂኒ አልኳት፤ ታናሽ እህት።

«ባሂኒ፣ የኛ መዝገብ ምን አድርጎሽ ነው?»

«እስካሁን ምንም። የሚነበብ የእጅ ጽሑፍ ካለበት እናያለን።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁብኝ። በዚያው ተስማማን። የመረጥነው መረጃ አንዲት ቀን ነበረች፤ ሰውዬው የተያዘበት ቀን። እኛ ጣቢያ ትጻፋለች፣ ወደ ፍርድ ቤት ትሄዳለች፣ ከዚያ በፍርድ ማስፈጸሚያ ወረቀት ላይ ሆና እስር ቤት ትገባለች። እስረኛው የሚወጣበት ቀን የሚቆጠረው ከእሷ ነው። ፉልማቲ ከሁለት መቶ አሥራ አራት እስረኞቿ መካከል የኛ ጣቢያ የያዛቸውን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተች። ሃያ አወጣን።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ በብስክሌቷ ጣቢያ ትመጣለች። እሷ ከዝርዝሯ ታነባለች፣ እኔ መዝገብ እገልጣለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ አሰልቺ መስሎኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ያዘኝ። አንድ ቀን በተገጣጠመ ቁጥር አረንጓዴ ምልክት ታደርጋለች፤ እኔም ፈተና ያለፍኩ ያህል ደስ ይለኛል። አሥራ ዘጠኙ ገጠሙ።

ሃያኛው ላይ የደረስነው በአሶጅ ወር በሃያ ሁለተኛው ቀን ነው። ትልቁ በዓላችን ዳሳይን ደርሶ ነበር፤ ከአንድ ቀን በኋላ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይዘጋል። ጣቢያው ፍየል ተሰረቀብኝ በሚል ሰው ተሞልቷል። ፉልማቲ በጩኸቱ መሀል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«ማኒራም ቢሽዎካርማ። ሁለት ዓመት እስራት። የእስራቱ መነሻ፣ ካርቲክ አሥራ አራት። ከተራራው ወረዳ እስር ቤት ወደኛ የተዛወረ።»

የዛሬ ሁለት ዓመት የካርቲክን ወር መዝገብ ገለጥኩ፤ የለም። ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ከካርቲክ በፊት ባለው አሶጅ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ጽሑፉ የራሴ ነበር። ሰውዬው ትዝ አለኝ፤ በተራራው ወረዳ በመስኖ ውሃ ተጣልቶ የጎረቤቱን ክንድ የሰበረ አንጥረኛ። ወደ ህንድ ሊሻገር ሲል አውቶቡስ ላይ ነው የያዝኩት። አልታገለኝም፤ «ቁርሴን ልጨርስ» ብቻ ነው ያለኝ።

«አሶጅ ሃያ ሁለት» አልኳት። «እኛ ጋ አራት ቀን ቆየ፤ ከዚያ ወደ ተራራው ሰደድነው። የተራራው ፖሊስ ደግሞ እስከ ካርቲክ አሥራ አራት አቆይቶ ለእስር ቤት አስረከበ። ያ ነው እንግዲህ የተጻፈው።»

«በፖሊስ እጅ የቆየው ሃያ ሁለት ቀንስ?»

«ማንም አልቆጠረለትም።»

«ሕጉ እኮ ይቆጠር ይላል። ባለፈው ሳምንት ተምረናል፤ እርስዎ እንቅልፍ ይዞዎት ነበር።» ጣቶቿን እያጠፈች አስላች፤ ከዚያ ድንገት ቀና አለች። «ዳይ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«የማኒራም ፍርድ ትናንት አልቋል።»

በዙሪያችን ስለ ፍየል የሚጮኸው ሰው ሁሉ ጸጥ ያለ መሰለኝ። ስንት ሰው አስሬያለሁ፤ መውጫው ያለፈበት ሰው ግን በራሴ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ አግኝቼ አላውቅም።

ወዲያው ወደ እስር ቤቱ ሄድን። ኃላፊው ኬሻብ ጆሺ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ፊርማቸውን እንኳ ቀስ ብለው ነው የሚፈርሙት። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን ስናሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ልክ ናችሁ» አሉ። «ግን እኔ የምታዘዘው በፍርድ ቤቱ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ካርቲክ አሥራ ሦስት ይወጣል ይላል። ፍርድ ቤቱ ያርመውና በሩን ራሴ እከፍታለሁ።»

የተራራው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ጋ ደወልን። ቲላክ ጊሚሬ ይባላል። «በስልክ ፍርድ አላርምም» አለን። «የፖሊሱም የእስር ቤቱም ሰው የየራሳቸውን ዋና መዝገብ ይዘው ይምጡ። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ነው ያለሁት። ካልሆነ ከበዓል በኋላ።»

ፉልማቲ ስልኩን ዘጋችና አየችኝ።

«ዳይ፣ ሞተርዎ ተራራ ይወጣል?»

«እኔ የተራራ ልጅ ነኝ። ጥያቄው አንቺ ትወጫለሽ ወይ ነው።»

«ተራራ ያየሁት ከሩቅ ነው» አለች።

አዛዤ መዝገቡን አውጥቼ እንድሄድ ሲፈቅድልኝ፣ «ይሄ ከጠፋ አንተም አትመለስ» አለኝ። ዶክተር ሻክያ ጋ ደውለን ነገ ከክፍል እንቀራለን ስንላቸው ምክንያቱን ጠየቁን። ነገርናቸው። «ቀሪ ብዬ እመዘግባችኋለሁ፤ ደንብ ነው። ጃኬት ልበሱ፤ ላይ ይበርዳል» አሉ።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ተነሣን። መዝገቤን በላስቲክ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አሰርኩት፤ ፉልማቲ የሷን በጀርባ ቦርሳዋ አደረገች። ሜዳው ላይ እንደ ወፍ በረርን። መንገዱ ሽቅብ መጠምዘዝ ሲጀምር ግን ጃኬቴን ከኋላ ጨምድዳ ያዘች፤ ከዚያ የወንጀል ቅጣት ሕጉን በቃሏ ማነብነብ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ወደ ታች ላለማየት ነው።»

«ገደሉ በስተግራ ነው፤ በስተቀኝ እዪ።»

«በስተቀኝ ስዞር አንቀጹ ይጠፋብኛል።»

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ስንወጣ መንገዱ ድንገት ተዘጋ። ዝናብ ያራሰው አፈር ተንዶ የመንገዱን ግማሽ ወስዶታል፤ በቀረው ግማሽ ላይ ፍየል የጫነ ከባድ መኪና ቁልቁል፣ ለበዓል ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው የሞላበት አውቶቡስ ሽቅብ ተፋጠዋል። ሁለቱም ሾፌሮች ሞተራቸውን አጥፍተው ይሰዳደባሉ። ኋላቸው የተሰለፈው መኪና ማለቂያ የለውም። ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ።

ከሞተሬ ወረድኩና ቆቤን አስተካከልኩ። ይህ ወረዳ የኔ አይደለም፤ ግን ልብሴ ላይ አልተጻፈም። ፊሽካዬን ነፋሁ።

«አንተ፣ ወደ ኋላ። አዎ፣ አንተ ባለፍየሉ።»

«ሰር፣ እሱ ነው የዘጋው።»

«ማን እንደዘጋ በዓሉ ካለፈ በኋላ እንነጋገራለን። ፍየሎችህ ሙቀት ሳይገድላቸው ወደ ኋላ።»

ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ፉልማቲ ከወዲያኛው ጫፍ ሻርፗን እያውለበለበች መኪና ታቆማለች፤ እኔ ከወዲህ አሳልፋለሁ። አውቶቡሱ ሲያልፍ ጣራው ላይ የተቀመጡት ጎረምሶች ለእሷ አጨበጨቡ። ስትመለስ ፊቷ ጭቃ ነክቶት ይስቃል። ከዚያ በኋላ ሕጉን አላነበነበችም። «ትንሽ ይጨምሩት፣ ዳይ» አለችኝ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ፍርድ ቤቱ ደረስን። ግቢው ባዶ ነው። ሬጅስትራሩን ያገኘነው ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በሩን ሊቆልፍ ሲል ነው።

«መጣችሁ እንዴ?» አለ ቅር እያለው። «እኔ እኮ መንገዱ ተዘግቷል ሲሉ አትመጡም ብዬ ነው። እዩ፣ ወገኖቼ፣ ሰውዬው ሁለት ዓመት ታስሯል። ጥቂት ቀን ቢጨመርበት ምን ይሆናል? እኔም ሰው ነኝ፣ ዛሬ የበዓል መግቢያ ነው።»

«ለሱም በዓል ነው፣ ሰር» አለች ፉልማቲ።

ጊሚሬ አያት። እሷም አላሾፈችም፣ አልተቆጣችም፤ የሁለቱን መዝገብ ገጾች ገልጣ የተዘጋው በር ፊት ደረጃው ላይ አስቀመጠች። እኔ ከጎኗ ተንበርክኬ የራሴን ፊርማ በጣቴ አሳየሁት። እሱም ቆሞ አነበበ። ከዚያ ቦርሳውን ከትከሻው አወረደና በሩን መልሶ ከፈተ።

የማኒራምን ፋይል ከመደርደሪያ ያወጣው ራሱ ነው። አቧራውን እፍ አለበት፤ ገለጠ፣ ገለጠ። ከጀርባ ሽፋኑ ጋር የተጣበቀች አንዲት የታጠፈች ወረቀት አገኘ። ሲዘረጋት ከኛ ጣቢያ የተላከችው መሸኛ ደብዳቤ ናት፤ ቀኑ አሶጅ ሃያ ስድስት፣ «የተያዘው በሃያ ሁለት» ይላል። እዚያው ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ።

ጊሚሬ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ጸሐፊዬ ነው ያላየው» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «አይ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። ታይፒስቷ ሄዳለች፤ በሁለት ጣቱ እየቀጠቀጠ የእርማቱን ትእዛዝ ራሱ ጻፈ። ዳኛው ከግቢው በላይ ባለው ቤታቸው ነበሩ፤ ወረቀቱን ይዞ ሽቅብ ሮጠ፤ በሃምሳ ዓመት ሆዱ ሲሮጥ ማየት ራሱ ያስደስታል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ተፈርሞ ተመለሰ። መሳቢያውን ሳበ፤ አልከፈት አለ። እንደገና ሳበ።

«ማህተሙ እዚህ ውስጥ ነው» አለ። «ቁልፉ ግን ተላላኪያችን ሳንቴ ጋ ነው።»

«ሳንቴስ?»

«ፍየል ሊገዛ ገበያ ሄዷል።»

ፉልማቲ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ግን ሳቄ መጣ፤ እያሳደድኩ መያዝ ከተባለ ሙያዬ ነው።

«ምን ይመስላል?»

«አጭር፣ አንድ ጥርስ ከፊት የሌለው። ቢጫ ሹራብ።»

ገበያው ከወንዙ ማዶ ነበር። ሰውና ፍየል ተደበላልቆ፣ ልጆች በክር የታሰረ የወረቀት ካይት ሲያበሩ፣ በቀርከሃ የተሠራው ትልቅ ዥዋዥዌ ላይ ሴቶች እየሳቁ ሲወዛወዙ፣ አንድ ቢጫ ሹራብ ስንፈልግ ሦስት አገኘን። አንደኛው ገና ዩኒፎርሜን ሲያይ መሮጥ ጀመረ። ለምን እንደሮጠ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጥርሱ ሙሉ ስለነበር ተውኩት። ሳንቴ ሦስተኛው ነበር፤ አንድ ጥቁር ፍየል በገመድ ይዞ ከሻጩ ጋር ይከራከራል።

«የመሳቢያው ቁልፍ» አልኩት እያለከለክሁ። «ማህተም ያስፈልገናል።»

«ፍየሉን ማን ይይዝልኛል? ለቅቄው ከሄድኩ ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

«ይዘኸው ና።»

ፍየሉ ድልድዩን አልሻገርም አለ። በመጨረሻ እኔና ሳንቴ ተሸከምነው። እናም የፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ በሙሉ ዩኒፎርም፣ አንድ ቀንዳም ፍየል አንገት አቅፌ ቆምኩ፤ ፍየሉ የመዝገቤን ላስቲክ እያኘከ፣ ከውስጥ የማህተሙ ምት ሲሰማ በሕይወቴ የዚያን ያህል የሚያምር ድምፅ የሰማሁ አልመሰለኝም።

ጊሚሬ እስከ ሞተራችን ድረስ ሸኘን። «ለሰውዬው፣» አለና እጁን ወደ መንገዱ ዘረጋ። «በቃ ሂዱ፣ ሂዱ።»

ቁልቁል ስንወርድ ሰዓቱ ሰባት ተኩል አልፏል። ጆሺ በመንገድ ደወሉልን፤ ፉልማቲ ስልኩን ጆሮዬ አጠገብ ያዘችው። «ሠራተኞቹን አሰናብቻለሁ። እኔ እስከ አሥራ አንድ እዚህ ነኝ። ከዚያ የእስረኞች በር በሕግ ይታሸጋል» አሉ። የአፈር ናዳው ጋ ስንደርስ መንገዱ ተጠርጎ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልቆምንም። ሆዴ በረሃብ ይጮኻል፤ ፉልማቲ ከኋላዬ የተቆላ በቆሎ እያቀበለችኝ እየነዳሁ በላሁ። ስንት ኩርባ እንደቀረ ትቆጥራለች። ጠዋት ገደል የፈራችው ልጅ አሁን አውቶቡስ ሳልቀድም ስቀር ትነጫነጫለች።

«ፖሊስ ሆነው አይቀድሙትም?»

«ፖሊስ ስለሆንኩ ነው የማልቀድመው።»

«ዛሬ ብቻ የእስር ቤት ሰው ይሁኑ።»

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ የእስር ቤቱ በር ፊት ቆምን። ጆሺ ከበሩ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ትእዛዙን አንድ ጊዜ አነበቡት፤ ያ ቀርፋፋ ፊርማቸው በአንድ ትንፋሽ ወጣ። «ግቡ» አሉን። «እናንተ ንገሩት።»

ማኒራም ግቢው ውስጥ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከቀርከሃና ከሣር ዙሪያውን የተጠለፈ መቀመጫ ይሠራ ነበር። እስረኞቹ የሚሠሩት ሙዳ የምንለው ነው። ጠጉሩ ሸብቷል። ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው አወቀኝ።

«እርስዎ ነዎት አውቶቡስ ላይ የያዙኝ» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ያጠፋነው እኛ ነን።» ፉልማቲን በዓይኔ ለመንኳት።

እሷ አጠገቡ ቁጢጥ አለችና ወረቀቱን አነበበችለት። እስከ መጨረሻው ሰማት።

«ተሳስተሻል፣ ናኒ» አለ በርኅራኄ፣ ለልጁ እንደሚናገር፤ ናኒ ልጄ ማለት ነው። «የኔ ገና ነው። ካርቲክ አሥራ ሦስት ነው። እኔ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ዓመት ስቆጥረው ነው የኖርኩት።»

«እርስዎ በትክክል ቆጥረዋል። የተሰጠዎት መነሻ ነው የተሳሳተው። ፍርድዎ ከትናንት ወዲያ አልቋል፣ አባቴ። ዛሬ ይወጣሉ።»

«እንደገና አንቢው።»

እንደገና አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር በዙሪያው የተሰበሰቡት እስረኞች ቀድመዋት ያነቡ ነበር። አንዱ የምግብ ሳህኑን በማንኪያ መታ፤ ሌላው ተከተለው፤ ትንሽ ቆይቶ ግቢው በሙሉ በሳህን ድምፅ ተናጋ። ማኒራም እጁ ላይ ያለውን ሙዳ አየ።

«ጠርዙ አልታሰረም እኮ» አለ።

አጠገቡ የነበረ ጎልማሳ ሙዳውን ከእጁ ነጠቀው። «እኔ አስረዋለሁ። አንተ ውጣ። ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ውጣ።»

በሩ ላይ ጆሺ ዕቃውን አስረከቡት፤ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ባርኔጣ፣ የልጁ ፎቶግራፍ። ካስፈረሙት በኋላ ቆመው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጋጠሙ። «ሁለት ቀን ወስደንብሃል። ልመልስልህ አልችልም። ይቅርታ አድርግልን» አሉ። ማኒራምም እጁን አጋጠመ። እንዲህ ተያይተው ቆሙ፤ ማን ቀድሞ እጁን እንደሚያወርድ አያውቁም። በመጨረሻ ፉልማቲ፣ «አውቶቡሱ» አለች።

ወደ ተራራው የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ ሊነሣ ሞተሩን እያሞቀ ነበር። በሩ ላይ ሰው ተንጠልጥሏል። ረዳቱ፣ «ሰር፣ መርፌ እንኳ አይገባም» አለኝ።

«መርፌ አላመጣሁም። ሰው ነው ያመጣሁት። ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ ቤቱ የሚገባ ሰው።»

ይህን ጮክ ብዬ አልነበረም የተናገርኩት፤ ግን በመስኮቱ በኩል ተሰማ። ሁለት ዳክዬ የታቀፉ አንዲት ሴትዮ ጠጋ አሉ። ከኋላቸው ያለውም ተጠጋ። እንደ ማዕበል እየተላለፈ እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ፤ ከሾፌሩ ጎን በሞተሩ ክዳን ላይ የአንድ ሰው ቦታ ተገኘ። ማኒራም ገብቶ ቁጭ ሲል ዳክዬዎቹን እሱ እንዲይዝላቸው ሰጡት። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ወደኛ ዞሮ አንገቱን ብቻ ሰበር አደረገ፤ እጆቹ በዳክዬ ተይዘዋል። ፉልማቲ አውቶቡሱ እስኪሰወር ድረስ እጇን አውለበለበችለት። ከዚያ መናኸሪያው ሻይ ቤት ገብተን አሥራ አንድ ሳምቡሳ በላን። ስድስቱን የበላችው እሷ ነች።

በአሥረኛው የበዓል ቀን፣ ታላላቆች ግንባራችን ላይ ቀይ ምልክት አድርገው በሚመርቁን ዕለት፣ ተረኛ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ፣ «ፖሊሱ እርስዎ ነዎት?» አለች።

«አዎ።»

«አባቴ ሰላም በይልኝ ብሏል። ዥዋዥዌ ላይ ነው፤ መውረድ እንቢ አለ።»

ከኋላዋ የብዙ ሰው ሳቅ ይሰማ ነበር። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ወዲያው ፉልማቲ ጋ ደወልኩላት፤ እንድደግምላት ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

ከበዓሉ በኋላ ሥራችንን ለክፍሉ አቀረብን። እሷ ተናገረች፣ እኔ ሰሌዳው ላይ ቀኖቹን ጻፍኩ። ፍየሉ ጋ ስንደርስ ፖሊሶቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። የጣቢያችን መሸኛ ደብዳቤ ጋ ስንደርስ ግን ማንም አልሳቀም። ዶክተር ሻክያ እጃቸውን አጣጥፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ሃያ ስም ነው ያያችሁት» አሉ። «ከሃያው አንዱ ተሳስቷል። የቀረውስ?»

ሁሉም በልቡ የራሱን እስር ቤት ሰው ቁጥር ለሃያ ሲያካፍል ይታየኛል። ፊት ለፊት የተቀመጠው የጎረቤት ወረዳ ፖሊስ ለጥንድ ጓደኛው፣ «ያንተ ስንት ናቸው?» ሲለው ሰማሁ። «አራት መቶ ሰባ» አለው ያኛው። «ቅዳሜ ልምጣ?» አለው።

ውጤታችን ከመቶ ሰማንያ አራት ሆነ። ዶክተር ሻክያ ከጎኑ በቀይ፣ «አልተጠናቀቀም» ብለው ጻፉበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይናደኝ ነበር።

አሁን ቅዳሜ ነው። ቢሮ ዝግ ነው፤ ግን ጆሺ የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ ሰጥተውናል። አዛዤ ደግሞ የሦስት ዓመት መዝገብ በጣቢያው መኪና እንዲመጣ ፈቅዷል፤ በፊርማ። ፉልማቲ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል፤ መሀላችን ላይ ብርቱካን አለ። ሰማንያ ሁለት ስም አልፈናል። ሁሉም አረንጓዴ። እጄ ቀለም በቀለም ሆኗል፤ አንድ መስመር እንኳ ሳላነብ ማለፍ አልፈልግም። ሰማንያ ሦስተኛዋን እሷ ታነባለች፤ አንዲት ሴት ናት፣ ከምሥራቅ የመጣች። ገጹን ገለጥኩ። ቀኑን አገኘሁት፤ እሷ ያነበበችው አይደለም። ፉልማቲ እስክሪብቶዋን አነሣች፤ አረንጓዴው ላይ ሳትደርስ ፊቴን አይታ እጇን አቆመች።

«ዳይ» አለች። «ስንት ይላል?»

ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ መዝገቡን ወደ እሷ አዞርኩት።